ምን አገባችሁ

ሐምሌ ነው፤ ጦሳ ጉሙን እስከ አንገቱ ለብሷል፣
ካውቶቡሱ ጣራ የወረደው ሻንጣ ሆዱ ድረስ ርሷል።
ውስጡ ልብስ አይደለም፤
ወረቀት ነው ሁሉም።

እኔ ዲፕሎማት አይደለሁም፤ ሰነድ ተሸካሚ፣
ገጽ ቆጣሪ፣ ማኅተም አድራቂ፣ የኋላ ወንበር ታዳሚ።
ስድስት ክረምት ሙሉ፣ ሄግ በምትባል ቀዝቃዛ ከተማ፣
የሰው አገር ሰው እንባ በካርቦን ሳባዛ፣ ለሸንጎ ሳሰማ፤
በቆዳው ቀለም ተለክቶ ጎዳና የተከለለ፣
በገዛ መንደሩ ያለ ይለፍ ወረቀት ማደር ያልቻለ፣
የዊንድሆክ ሰው አቤቱታ፣
በክንዴ ታቅፌ ጧትና ማታ።

ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራት ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋ፣
የአንዲት ሴት ቃል ነው፤ ሌሊት ፖሊስ በሯን ገፋ፣
ባሏ ከመኝታው ታሰረ፤
ወንጀሉ? መልኩ ከመልኳ አንድ አለመሆኑ ነበረ።
ያችን ገጽ ሦስት ጊዜ ተየብኩ፣
ሦስቱንም ጊዜ አንድ ቦታ ተሳሳትኩ፤
«ሚስት» ከሚለው ቃል ላይ።

ከዚያ ቀኑ ደረሰ። ካባ የለበሱ ዳኞች ገቡ፤
ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ ገጽ በገጽ አነበቡ።
ሰባት ለሰባት ቆሙ። ሚዛኑ መሃል ላይ ደረቀ፤
ሰብሳቢው ድምፁን ደገመ፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።
በደል የለም አላሉም። በደል አለም አላሉም።
ስለ በደሉ ጭራሽ ትንፍሽ አላሉም።
ከሳሾቹን ብቻ አዩ፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያን፤
«የእናንተ ጥቅም በዚህ ጉዳይ አልታየን።»
ወደ አማርኛ መልሰው ተባልኩ፤
ቃል ስመርጥ፣ ስሰርዝ አደርኩ፤
ሲነጠር፣ ሲጨመቅ፣ ሁለት ቃል ቀረ፦
ምን አገባችሁ።

ገራዶ ወረድኩ፤ እየከበደኝ ሆዴ፣
በቅሎውን ሲጭን ደረስኩ አጎቴ አባጋር አመዴ።
ደጋና ቆላ ተጋድሎ፣ ደም ሊያደርቅ ነው ጉዞው፤
ዝናቡ ከጥምጥሙ ይወርዳል፣ እሱን አላገደው።
«ምን ፈረዱ?» አለኝ። ነገርኩት።
ልጓሙን እንደያዘ ቆየ።
«ምን አገባችሁ አሏችሁ?
እኔ የገዳይ ወገን አይደለሁ፣ የሟች ዘመድ አይደለሁ፤
ለዚያ አይደል ወይ የምጠራው?
የሚያገባውማ ጦር ይዟል። ማን ሊያስታርቅ ነው ታዲያ፣
የማያገባው ካልገባ?»
መልስ አልጠበቀም። ኮቴው ጭቃው ውስጥ ጠፋ።

እናቴ ጦይባ ከደጁ፣ ስንዴ እየለቀመች፣
ሁሉንም ሰምታለች።
እሷ የሸሁ ልጅ ናት፤ አባቴ የመሪጌታው።
«እኔንም ብለውኛል» አለች፣ ከሰፌዷ ቀና ሳትል፣
«ያኔ ካባትህ ጋር በጢጣ በኩል የጠፋን ዕለት።
የኔም ወገን፣ የሱም ወገን፣ ከደጅ ቆመው፣
‹ምን አገባሽ? ምን አገባሽ?› አሉ ተቀባብለው።
እኔ የእውነት ጥያቄ መስሎኝ መለስኩላቸው፤
‹ምን አይደለም ያገባሁት፣ ሰው ነው› አልኳቸው።»
ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ቆረጠችው፤
«ያቺ በደብዳቤህ ያነሳሃት፣ ባሏን የወሰዱባት…
ስሟን ማን አልከኝ?»
በሰነዱ ስም አልነበራትም። ቁጥር ነበራት።
«ለዱዓ ነው እኮ» አለች፤ «በቁጥር አይጠራም ሰው።»

ማታ በኩራዝ ሻንጣዬን ፈታሁ። የወረቀቱ ጠርዝ አብጧል፣
ማኅተሙ ፈስሶ ቀዩ እስከ ገጹ መሃል ዘልቋል።
ሰኞ አዲስ አበባ ይጠብቁታል፤ በመስከረም ሌላ ሸንጎ አለ፣ ኒውዮርክ፤
እንደገና ሊገለጥ ቁስሉ፣ እንደገና ሊታከክ።
ትርጉሜን አወጣሁ። ያችን ሁለት ቃል አልሰረዝኳትም።
ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ አነስ አድርጌ፣
እናቴ የመለሰችውን ጻፍኩ።

አለቃዬ ያጠፋው ይሆናል።
እርሳስ ነው።